ድልድዩ ላይ የተፋጠጡት ሁለት ድምፅ ማጉያዎች

ዲምፕና ኪልቤን በምዕራብ አየርላንድ፣ በሜዮ የባሕር ዳርቻ መንደራችን በመኪና እየዞረች እንቁላል የምትሸጥ፣ ሳቋ ከመኪናዋ ጥሩምባ ቀድሞ የሚሰማ ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1968 መንግሥት ሕገ መንግሥቱን አሻሽሎ ተመጣጣኝ ውክልናን ሊያስቀር ሕዝበ ውሳኔ ሲጠራ፣ መኪናዋ ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ አስራ ወጣች።

እኛ አየርላንዳውያን በዚህ አሠራር ስንመርጥ ለዕጩዎቹ እንደ ፍላጎታችን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ቁጥር እንሰጣለን። አንደኛ ያልነው ሰው ካላለፈ ድምፃችን ሜዳ ላይ አይቀርም፤ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል። መንግሥት ግን «ይሄ ይቅር፤ በየወረዳው ብዙ ድምፅ ያገኘ አንድ ሰው ብቻ ይግባ» አለ። ከዘጠኝ ዓመት በፊትም ጠይቆን እምቢ ብለነው ነበር።

«እምቢ በሉ!» እያለች ዞረች ዲምፕና። «ሁሉን ነገር ለአንድ ሰው አትስጡ! ትኩስ እንቁላልም አለ!»

የ«እሺ በሉ»ን መኪና የሚነዳው ደግሞ ፌስተስ ሩዌን ነበር፤ ሬዲዮ ጠጋኝ፣ ዓይን አፋር፣ ከአባቱ ጀምሮ የገዢው ፓርቲ ሰው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጠባቡ የድንጋይ ድልድይ መሃል ላይ ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

«ወደ ኋላ በል!» አለች በማጉያው።

«አንቺ በይ!» አላት እሱም በራሱ ማጉያ።

«ሰዎች፣ አያችሁ? አሁን ደግሞ መንገዱንም ለአንድ ሰው ብቻ ሊያደርጉት ነው!»

መንደርተኛው ድንች መልቀሙን ትቶ እየሮጠ መጣ። እኔም የድልድዩ ግንብ ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

«ሁሉም ዓይነት ሰው ምክር ቤት ከገባ እንዴት ተስማምቶ መንግሥት ይመሠርታል?» አለ ፌስተስ።

«እናትህ አሥር ልጅ በአንድ ማዕድ አስማምታ የለ እንዴ! እነሱን ምን ቸገራቸው?»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ወዲያው የዲምፕና ማጉያ ተንጫጫና ጭራሽ ዝም አለ። ፌስተስ አሁን ብቻውን ይለፈልፋል ብለን ስንጠብቅ፣ መፍቻውን ይዞ ወረደና መኪናዋ ላይ ወጣ።

«ምን ልታደርግ ነው አንተ?»

«ሽቦው ተላቆ ነው። ማይኩን ወዲህ በይ።» ማይኩን ተቀብሎ ሽቦውን ሲያጠብቅ ቀስ ብሎ፣ ለእሷ ብቻ የሚሰማ መስሎት፣ «አንቺ ዝም ስትዪ ቀኑ ይጨልምብኛል» አላት።

ማጉያው ለካ ነፍስ ዘርቶ ኖሯል! ቃሉ በሸለቆው ሁሉ አስተጋባ። ላሞቹ ሳይቀሩ ቀና አሉ።

የገዢው ፓርቲ የመንደራችን ሊቀ መንበር አቶ ላቬል ብስክሌታቸውን ጥለው መጡ። «አንተ ልጅ፣ ለመሆኑ የማን ወገን ነህ?»

ፌስተስ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ «ድምፄ የእርስዎ ነው፣ አቶ ላቬል» አለ። «የቀረውን እሷን ይጠይቋት።»

 ዲምፕና ማይኩን ነጠቀችውና፣ «ፌስተስ ሩዌን! ቅዳሜ ጭፈራ ቤት እንዳትቀር!» ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ ወደ ኋላ እንዳለ መንደሩ እስከ ዛሬ ይከራከራል።

አገሩ እምቢ አለ፤ ያውም በሰፊው። ውጤቱ የተሰማ ዕለት ዲምፕና እንቁላሏን ለአላፊ አግዳሚው በነፃ ስታድል፣ ተሸናፊው ፌስተስ መኪናዋ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጦ ጥሩምባዋን ይነፋላት ነበር። በጸደይ ተጋቡ። ሰርጉ ላይ አቶ ላቬል የሙሽራዋን እናት ይዘው ሲሽከረከሩ አንድ ጫማቸው ወልቆ የሾርባው ድስት ውስጥ ገባ፤ እሳቸው ግን ጭፈራውን አላቋረጡም።