አባቷን የቀማቻቸው ዕዳ

ሽማግሌው ሎክ ያም ፋት ጉልበታቸው ከድቷቸው፣ ልባቸው በመድኃኒት እየተደገፈ፣ አሁንም ጎሕ ሳይቀድ ተነስተው አኩሪ አተር ይፈጩ ነበር። የፈጩትን አጥልለው፣ አፍልተው፣ አርግተው፣ ታው ፉ ፋ የሚባለውን ትኩስ የአኩሪ አተር እርጎ በበርሜል አድርገው ባለ ሦስት እግር ብስክሌታቸው ላይ ይጭኑና ወደ ገበያ ይወጣሉ። ኢፖ ከተማ ውስጥ ከእሳቸው የተሻለ የሚያረጋ አለ የሚል ካለ፣ ወይ አልቀመሰም ወይ ውሸታም ነው። ሰዉ ሁሉ ግን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፦ በዚህ ዕድሜ ምን አስነሳቸው?

ዕዳ ነው ያስነሳቸው። ሚስታቸው በካንሰር ሲያዙ የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ረዘመባቸውና ወደ ግል ወሰዷቸው። የግል ሆስፒታል ደግሞ ከበሽታው እኩል ይበላል። የቤቱ ጥሪት ሲሟጠጥ፣ ለታው ፉ ፋ ሻጭ የሚያበድር ባንክ የለምና፣ አንዲት ልጃቸው ሳው ኬንግ በራሷ ስም የግል ብድር ወሰደች። ብድሩ በአምስት ዓመት የሚከፈል ነበር። እናትየው አምስት ወር እንኳ አልቆዩም።

ከቀብር ሲመለሱ ሎክ ልጃቸውን አስቀምጠው፣

«ፊርማው ያንቺ ነው፤ ዕዳው ግን የኔ ነው። እጅሽን እንዳታስገቢ» አሏት።

«እኔ እኮ ደሞዝተኛ ነኝ አባዬ።»

«ደሞዝሽን ባል ፈልጊበት።»

«ባል በደሞዝ አይገዛም።»

«በነፃም እኮ ስትጠብቂው አልመጣም።»

በዚያ ሐዘን መሃል ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሎክ ወር በመጣ ቁጥር ሪንጊቱን እየለቀሙ ያጠራቅማሉ፤ የወሩ መጨረሻ ሲደርስ ከሚስታቸው ፎቶግራፍ ፊት አሳድረው ጠዋት ለልጃቸው ይሰጣሉ። እሷም ወስዳ ባንክ ትከፍላለች። ገንዘቡ ፎቶው ፊት ለምን እንደሚያድር አንድ ቀን ጠይቃ አታውቅም። የሽማግሌ ነገር ነው ብላ ተወችው።

ሦስተኛው ዓመት ላይ ሎክ ከነበርሜላቸው ገበያ መሃል ወደቁ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ከባድ ነገር ማንሳት ክልክል ነው፣ ልብዎ አይችልም አላቸው። ሎክ ለሐኪሙ አንገታቸውን ነቀነቁለት፤ በማግስቱ ግን አኩሪ አተራቸውን ዘፈዘፉ።

«አባዬ፣ ልትሞትብኝ ነው!»

«ዕዳው ሲያልቅ አርፋለሁ።»

«ገና ሁለት ዓመት አለው እኮ።»

«እንግዲያው ሁለት ዓመት አልሞትም።»

ሳው ኬንግ የምትሠራው ጥርስ ሕክምና ቤት ውስጥ ነው፤ በሽተኛ ትቀበላለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች። አብራት የምትሠራው ሮስናህ ደግሞ የቅናሽ ነገር ከሩቅ የሚሸታት ሴት ናት። ችግሩን ስትሰማ፣

«ዝቅተኛ ወለድ ያለው ክሬዲት ካርድ አለ አይደል እንዴ?» አለቻት። «ካርዱ ያን ብድርሽን ጠቅልሎ ይዘጋልሻል። አንቺ ከዚያ በኋላ ለካርዱ ነው የምትከፍዪው፤ ወለዱም እስከ ሁለት ዓመት ድረስ ከምኑም አይቆጠር።»

«ከድጡ ወደ ማጡ እንዳይሆንብኝ።»

«ማጥ የሚሆነው ቀን ካሳለፍሽ ነው። አንቺ ደግሞ የሰው ቀጠሮ እንኳ አታዛንፊም።»

ሳው ኬንግ ስታሰላው እውነት ነው። ወለዱ ሲቀንስ የወሩ ክፍያ ከደመወዟ ይወጣል፤ የአባቷ ገንዘብ አያስፈልግም። አዲስ ዓመትም እየደረሰ ነበር። በእኛ በቻይናዎቹ ዘንድ ዕዳ ተሸክሞ ዓመት መሻገር ጥሩ አይደለም፤ ሽማግሌዎቹ ደግሞ ከሁሉ አብልጠው ይፈሩታል። ካርዱን አወጣች፣ ብድሩን ዘጋች፣ ለአባቷም «ባንኩ ጋ ያለው ዕዳ አለቀ» አለቻቸው። ካርዱን ግን አላነሳችም።

ሎክ አላመኑም። ንጹሕ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ የብድሩን ወረቀት ይዘው ራሳቸው ባንክ ሄዱ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ «አዎ ጋሼ፣ ተዘግቷል፤ ምንም የለብዎትም» አለቻቸው። ይህም ውሸት አልነበረም።

በዚያ አዲስ ዓመት ሎክ የበዓሉን ዓሣ በሉ፣ ጎረቤት ዞሩ፣ ለሰፈሩ ልጆች ገንዘብ ያለበት ቀይ ፖስታ አደሉ። በዓሉ ሲያልፍ ብስክሌቱንና ወፍጮውን ለአንድ ወጣት ባልና ሚስት ሸጡ። ሳው ኬንግ ከእናቷ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትልቅ ነገር ሠራሁ ብላ ተደሰተች። ምስኪን።

ሽማግሌው አርፈው ይወፍራሉ ስትል ከሱ። በለመዱት ሰዓት ይነቁና አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። ሻይ ቤት መውጣቱን ተዉት፤ ከዚያ ጢማቸውን መላጨቱን፤ ከዚያ ምግቡንም። ሐኪሙ መርምሮ ልባቸው ከአምናው አልባሰም አለ። እሷ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ካርዱን እንዳያውቁ። ዕዳው አሁንም እንዳለ ቢሰሙ ይሞታሉ ብላ፣ ካርዱን ቤት እንኳ አታሳድርም፤ ሥራ ቦታ መሳቢያዋ ውስጥ ትቆልፍበታለች።

አንድ እሑድ ከሰዓት በረንዳ ላይ የሩዝ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰቻቸው ነበር። ሁለቴ ውጠው አፋቸውን ዘጉ።

«አባዬ፣ ምን አጠፋሁ? እረፍ ብዬ እኮ ነው።»

«አንቺ ምን ታጠፊያለሽ።» ማንኪያውን በእጃቸው ገፋ አድርገው፣ «እናትሽ ከሄደች ወዲህ ለሷ የምሠራላት እሱ ብቻ ነበር» አሉ። «ስነሳ ለሷ ነበር የምነሳው። ወር ሲደርስ ይኸው አመጣሁልሽ እላታለሁ። አሁን ምን ይዤ ፊቷ ልቁም? ትንሽ እንኳ ቢቀርልኝ ኖሮ እነሳ ነበር።»

ሳው ኬንግ ሳህኑን መሬት አስቀመጠች።

«አላለቀም» አለች።

«ምኑ?»

ነገረቻቸው። ካርዱን፣ ወለዱን፣ በየወሩ ከደመወዟ የምትከፍለውን፣ ሁሉንም። ይቆጣሉ ብላ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች።

«ስንት ቀረ?»

«ካርዱ ከጠቀለለው ከግማሽ በላይ።»

«ከግማሽ በላይ?» አሉ ሎክ። ፊታቸው ፈካ። ዕዳ አለብህ ተብሎ እንዲህ ደስ ያለው ሰው እኛ ከተማ ታይቶ አይታወቅም። «እና ይሄን ሁሉ ጊዜ ብቻሽን ስትከፍዪ?»

«እንዳትጨነቅ ብዬ።»

«ቂል። ነገ በጠዋት ቀስቅሺኝ።»

በጠዋት ቀሰቀሰቻቸው። ቀድመው ነቅተው ነበር። ሸሚዛቸውን ራሳቸው ቆለፉ፤ ትከሻዋን ይዘው ለመቆም ሞከሩ፣ ተቀመጡ፤ እንደገና ሞከሩ። ያ በርሜል ሲያነሳ የኖረ እግር ያለ ሥራ በተቀመጠበት ወራት አልቆ ኖሯል። ሦስተኛውን ሲሞክሩ አብረው ወደቁ። ሎክ መሬት ላይ እንደተቀመጡ የልጃቸውን እጅ ያዙ።

«ትንሽ ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ» አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ይልቅ ቢቆጧት በተሻላት።

አዲሱ ዓመት ሳይገባ፣ ዕዳቸውን ሳይጨርሱ ሞቱ።

ለቀስተኛው በነጭ ፖስታ ያዋጣው ገንዘብ ከቀብሩ ወጪ ብዙ ተረፈ። ሎክን የማያውቅ፣ ታው ፉ ፋቸውን ያልበላ ሰው አልነበረምና። ሮስናህ ይህን ስትሰማ፣

«በቃ፣ ካርዱን በአንዴ ዝጊዋ» አለቻት። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ይቆይ።»

«ያለሽን ይዘሽ ወለድ ትከፍያለሽ? ጤነኛ ነሽ?»

ሳው ኬንግ የተረፈውን ገንዘብ አባቷ ለወደቁበት ገበያ ዕድር ሰጠችና፣ ካርዱን እንደ ድሮው ከደመወዟ መክፈሏን ቀጠለች። ቅዳሜንም መሥራት ጀመረች። ወር ሲደርስ ገንዘቡን ከእናትና ከአባቷ ፎቶግራፍ ፊት አሳድራ በማግስቱ ራሷ ባንክ ይዛ ትሄዳለች። በስልኳ መላክ ትችል ነበር፤ አልላከችም። ከሥራ የምትገባው ደክሟት ነው፣ ግን እንቅልፍ ይወስዳት ነበር።

ዝቅተኛው ወለድ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው የመጨረሻውን ከፈለች። ሮስናህ ምሳ ጋበዘቻት፤ ቅናሽ ያለበት ቤት ነው። ሳው ኬንግ በላች፣ ተሳሳቀች፣ ወደ ቤቷ ገባች።

በቀጣዩ ወር መጨረሻ እንደ ልማዷ ተነስታ ለበሰች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ቦርሳዋን አንግታ በሩን ከፈተች። ወደ ባንክ የሚያስኬዳት ነገር እንደሌለ ትዝ ያላት እዚያው ደፉ ላይ ነው። ለአባቷም ለእናቷም የምትሠራላቸው ምንም አልቀረም። በሩን ሳትዘጋ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።