የአባቴ አጋም

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ በእስራኤሏ ከተማ በረሆቮት ባቡር ጣቢያ ወርጄ ወደ መኪና ማቆሚያው ስሄድ፣ ለአጥር ተብሎ ከተተከለ ቁጥቋጦ የመጣ ሽታ እግሬን ያዘኝ። አበባው ነጭ ነው፤ ሽታው ጣፋጭ ሆኖ ከሥሩ ትንሽ መረር ይላል። ጠጋ ብዬ አንድ ቅጠል ብቀጥፍ ነጭ ወተት አንጠባጠበ። ከኋላዬ የሚመጡት ሰዎች «ስሊኻ፣ ስሊኻ»፣ ይቅርታ እያሉ በግራና በቀኝ አለፉኝ፤ እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት፣ ቦርሳዬን በትከሻዬ እንዳንጠለጠልሁ፣ የአጋም ዘመድ የሆነውን ያን የፈረንጅ አጋም እያየሁ እንደ አጥፊ ልጅ ቆሜ ቀረሁ።

በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ የምንኖረው እዚሁ ረሆቮት፣ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ነበር። ከወጥ ቤታችን ኋላ፣ ከሁለት አልጋ የማይሰፋ መሬት ነበረችን። አባቴ ከጎንደር ገጠር ተነሥቶ በሱዳን በኩል በእግሩ የመጣ ሰው ነው፤ እዚህ ብርቱካን ማሸጊያ ውስጥ ይሠራ ስለነበር፣ ማታ ሲገባ ከሰውየው በፊት የብርቱካን ልጣጭ ሽታው ይገባል። ዕብራይስጡ ከሰላምታና ከምስጋና ብዙም አላለፈም። ስለዚህ ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ ምላሱ እኔ ነበርሁ፤ ባንክም፣ ክሊኒክም፣ የወላጆች ስብሰባም አብሬው እሄዳለሁ። አስተማሪዬ «ልጅህ በክፍል ውስጥ ወሬ ታበዛለች» ስትለው፣ እኔ ዓይኔን ሳላሽ «በክፍል ውስጥ ጎበዝ ተሳታፊ ናት እያለችህ ነው» ብዬ እተረጉምለት ነበር፤ እሱም ተነሥቶ በሁለት እጁ ይጨብጣታል።

አንድ ዓመት የአክስቱ ልጅ ከጎንደር መጣና፣ በመሐረብ ጫፍ የተቋጠረ የደረቀ አጋም ሰጠው። አባቴ ቋጠሮውን ፈትቶ አሸተተ፤ እንግዳውን ተቀመጥ ማለት እንኳ ረሳ። ዘሩን ባዶ የአይብ ዕቃዎች ውስጥ አፈር ሞልቶ ዘራና መስኮቱ ላይ ደረደራቸው። ከሃያ ከሚበልጠው ዘር ሁለት በቀለ፤ አንዱን ቀንድ አውጣ በላው። ሰው ላይ ክፉ ቃል የማይወጣው አባቴ፣ ለዚያ ቀንድ አውጣ እስከ ሰባት ትውልድ የሚደርስ እርግማን አወረደለት።

የተረፈችውን በጓሯችን ተከላት። ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ጎንበስ ብሎ «እንዴት አደርሽ?» ይላታል፤ ሰንበት ሲሆን ከሰላምታው አልፎ ወሬ ያወራታል። በእናቱ ቤት አጥር ሥር የነበረውን አጋም ያነሣልናል፤ ፍሬው ሲጠቁር ልጆቹ አፋቸው ሐምራዊ እስኪሆን እንደሚበሉ፣ ልብሳቸው ላይ የፈሰሰው እንደማይለቅ፣ እናቱም ልምጭ ይዛ በአጥሩ ዙሪያ እንደምታሯሩጠው። «አጋም ያልቀመሰ ልጅ አፉ አይፈታም» ይለን ነበር። ይህን ተረት ራሱ የፈጠረው ይመስለኛል። እናቱ እዚያው ቀርታ፣ ሳያያት ሞታለች፤ ይህን ግን ከአጋሙ ጋር አያይዞ አንሥቶት አያውቅም።

በአራተኛው ዓመት አበበች። አባቴ እናቴን ጠራ፣ እኔን ጠራ፣ ከፎቅ የምትኖረውን የመናዊት ጎረቤታችንን ማዛልን እጇን ይዞ አመጣና አፍንጫዋን ወደ አበባው አስጠጋት። ማዛል የሕንፃው ቫዓድ፣ ማለት የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበረች፤ አሽትታ በራሷ አነጋገር መረቀችው። አበባው ሲረግፍ አረንጓዴ ፍሬ ታየ። አባቴ በየቀኑ ይቆጥራል፤ ግን «ሲበስል ነው» ብሎ አንዱንም አያስነካም።

እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሁሉም ነገር የሚያሳፍርበት ዕድሜ። ሺራን የምትባል የክፍሌ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታችን መጥታ፣ በጓሮ በኩል ስትገባ የአጋሙ እሾህ አዲሱን ልብሷን ቀደደው። «ጫካ ውስጥ ነው እንዴ የምትኖሩት?» ብላ ሳቀች። በክፋት አልነበረም፤ ግን በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ተወራ፤ አባቴ ከቁጥቋጦ ጋር እንደሚያወራም ተጨመረበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያችን ተክል ጠላኋት።

በዚያው ሰሞን ማዛል መጣች። የልጅ ልጇ ሲሮጥ እሾኹ እጁን ጭሮታል። ቁጣ አልነበራትም፤ በሩ ላይ ቆማ፣ አንድ እጇን በወገቧ ይዛ፣ ለእኔ በዕብራይስጥ «ለአባትሽ ንገሪው የኔ ቆንጆ፤ ወደ መተላለፊያው የወጡትን ቅርንጫፎች ትንሽ ይከርክማቸው፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ።

አባቴ ዞሮ አየኝ። «ምን አለች?»

«ቫዓዱ ወስኗል፤ ከሥሩ ይነቀል አለች» አልሁት።

አባቴ ወደ ጓሮው አየ። ከዚያ «እስኪበስል አይታገሡኝም ወይ? በያት» አለኝ። እኔም ወደ ማዛል ዞሬ «አመሰግናለሁ፣ ይከረክመዋል» አልኋት። ፈገግ ብላ ሄደች። ለአባቴ «አይቻልም አለች» አልሁት።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቁፋሮውን ጨርሶ ነበር። ሥሩ ጥልቅ ስለነበር ጉድጓዱ እስከ ጉልበት ይደርስ ነበር። እጁ በእሾህ ተበጣጥሷል። አረንጓዴዎቹን ፍሬዎች ለቅሞ በሰሃን አስቀምጧቸዋል፤ ምናልባት በቤት ውስጥ ይበስሉ እንደሆነ ብሎ ነው። አልበሰሉም፤ ተጨማደው ደረቁ። እኔ በዚያ ሳምንት ሺራንን እንደገና ጠራኋት።

ማዛል ጉድጓዱን ያየችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። በመስኮት እያየኋት ነበር። ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች፤ አባቴን ጠራችው፤ ምን እንደምትለው ቢጠፋውም ሁለት ጣቶቿን እንደ መቀስ ከፈት ዘጋ እያደረገች የቅርንጫፍ ጫፍ በአየር ላይ ስትቆርጥ፣ ከዚያ ጉድጓዱን እያሳየች ራሷን ስትነቀንቅ አየ። አባቴ ጣቶቿን ለረጅም ጊዜ ተመለከታቸው። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ መስኮቱ አየ። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ተሸሸግሁ።

ቁጣውን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። እራት ላይ እንደ ወትሮው እንጀራውን ቆርሶ አጎረሰኝ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ አባቴ «ነይ፣ ተርጉሚልኝ» ብሎኝ አያውቅም። ደብዳቤ ሲመጣ ከሥራ ባልደረባው ጋር ያነባል፤ ክሊኒክ ብቻውን ይሄዳል፤ አንዳንዴም ሳይገባው ይመለሳል። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ፤ ከሥራ የተገላገልሁ መሰለኝ።

ዓመታት አለፉ፤ ተማርሁ፤ ነርስ ሆንሁ። አባቴ ሲታመም ሄርዝል ጎዳና ወዳለው ሐኪም ይዤው ሄድሁ። ሐኪሙ መናገር ሲጀምር አባቴ እጁን አነሣና «ቴሌፎን፣ ቤቫካሻ» አለ። እባክህ፣ በስልክ ለሚተረጉም ሰው ደውልልኝ ማለቱ ነው።

ሐኪሙ ግራ ተጋብቶ «ልጅህ አጠገብህ አለች እኮ» አለው። አባቴ ያንኑ ደገመ።

ስንወጣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀምጠን ነገርሁት። «አባ፣ ያኔ ማዛል ይነቀል አላለችም። እኔ ነኝ ያልሁት።»

«አውቃለሁ ልጄ። ያኔውኑ ይቅር ብዬሻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ስልኩን?»

እጄን ያዘ። «ያኔ ስላፈርሽ ዋሸሽኝ። አሁን ደግሞ ስለምታዝኚልኝ ትዋሺኛለሽ። ሐኪሙ የሚለው ክፉም ቢሆን እንዳለ ልስማው።»

እንደማልዋሸው ማልሁለት። ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝና አውቶቡሱ መጣ። በሚቀጥለውም፣ ከዚያ በኋላ ባለውም ቀጠሮ ስልኩን ጠየቀ።

አጋም ዘር ከተገኘ ዛሬም ይበቅላል፤ አራት ዓመት መታገሥ ነው። አባቴ ቃሌን አምኖ መሬት የሚቆፍርበት ያ ልጅነቴ ግን ዘር የለውም።

በመጨረሻው ቀጠሮ፣ ከስልኩ ውስጥ አንዲት የማናውቃት ልጅ፣ በሽታው እንደማይድን በሚያምር አማርኛ ቀስ አድርጋ ነገረችው። አባቴ ጎንበስ ብሎ አዳመጣት። «እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ፤ አልደበቅሽኝም» አላት። እኔ አጠገቡ፣ ሁለቱንም ቋንቋ በአፌ ይዤ፣ ዝም ብዬ ተቀምጫለሁ።