ወይዘሮ ኢንሺራሕ በሩን ያስከፈቱ ቀን

ወይዘሮ ኢንሺራሕ ከካይሮ ወጣ ብሎ ምድረ በዳው ዳር ባለው፣ ዙሪያው በታጠረ ሰፈራችን ውስጥ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖሩ ነበር። ባለቤታቸው በምድር ባቡር ጥገና ዕድሜያቸውን ጨርሰው ሲሞቱ ያተረፉላቸው ያቺን ቤት ብቻ ነው። ጡረታው ከስኳር መድኃኒትና ከመብራት አያልፍም። ቤቷ ግን የራሳቸው ናት። በረንዳ ላይ ቆመው «እኔ እኮ የማንም ጥገኛ አይደለሁም» ሲሉ ደስታቸው ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

የበራችንን አሠራር ካወቁ የሆነው ሁሉ ግልጽ ይሆናል። እንግዳ ሲመጣ ጥበቃው መታወቂያውን ይይዛል፣ ሲወጣ ይመልስለታል። ቀላል ይመስላል፤ ግን ሁሉም ነገር የቆመው በዚያች መታወቂያ ላይ ነው። መታወቂያ ተይዞ ሌብነት ቢደርስ ተጠያቂው የጥበቃ ድርጅቱ ነው። ነዋሪ «ያለ መታወቂያ አስገባ» ብሎ ካዘዘ ግን ድርጅቱ የለበትም፤ የጠፋውን የሚተካው ያዘዘው ነዋሪ ነው። የነዋሪዎች ማኅበሩ ይህን ደንብ ሲያወጣ ሰው ሁሉ አጨብጭቧል። ለዓመታት ያጨቃጨቀንን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር መዝጋት፣ እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

ደንቡ ያላሰበው የሙሽራ ዕቃን ነው። በእኛ ዘንድ ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው የሙሽራዋ ዕቃ ከእናቷ ቤት ወደ አዲሱ ቤት ይሄዳል። መሄድ ብቻ አይደለም፣ ይታያል እንጂ! ማቀዝቀዣው ሪባን ታስሮለት፣ ብርድ ልብሱ፣ ድስቱ፣ እስከ ሻይ ማንኪያው ድረስ ክፍት መኪና ላይ ተደርድሮ፣ ከበሮ እየተመታ፣ ጡሩምባ እየተነፋ። አጃቢው በበዛ ቁጥር የእናቲቱ ክብር ከፍ ይላል።

ሹሩቅ የወይዘሮ ኢንሺራሕ አንድያ ልጅ ናት። ዕቃዋ በሚወጣበት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የሙሽራው ዘመዶች ከነመኪኖቻቸው በሩ ላይ ደረሱ። የወይዘሮዋ ወንድም ሸሐታም ከገጠር አንድ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ይዞ መጣ።

«መታወቂያ፣ አንድ በአንድ» አለ ጥበቃው ድሱቂ።

ሸሐታ በመስኮት አንገቱን አወጣ። «ሠርግ ነው እስር ቤት? ለድስቶቹም መታወቂያ እናውጣላቸው?»

የሙሽራው አጎት ግን አልሳቁም። ከመኪናቸው ወረዱ። «እኛን ነው እንደ ሌባ በር ላይ የምታቆሙን? ንዱ፣ እንመለሳለን!»

ከበሮው ቆመ። ወይዘሮ ኢንሺራሕ በቤት ጫማቸው እየሮጡ መጡ።

«ክፈት ድሱቂ፣ ወንድሜ! በልጄ ቀን አታዋርደኝ።»

«የሹሩቅ እናት፣ ደንቡን እያወቁት…»

«በእኔ ኃላፊነት! ክፈት አልኩህ!»

የበሩ ብረት ተነሣ። ሰፈሩ በሙሉ ወረደ። ከሁሉ አብልጣ እልል ያለችው የደረጃ ጎረቤታቸው ሲሃም ነበረች፤ ለእልልታው ስትቸኩል በሯን ገርበብ አድርጋ ትታው ነው የወረደችው። አጀቡ ወጥቶ እሷ ወደ ቤቷ ስትመለስ ቁም ሣጥኗ ተበርብሯል። ውስጡ ያስቀመጠችው ወርቅ የለም።

ቅዳሜ ማኅበሩ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ኢንጂነር ረፍዓት ክፉ ሰው አይደሉም። «አንድ መንገድ አለ» አሏቸው ለወይዘሮ ኢንሺራሕ። «የገቡትን ሰዎች ስም ይስጡን። ፖሊስ አንድ በአንድ ይጠራቸዋል። ሌባው ከተገኘ እርስዎ ነፃ ነዎት።»

«ማንን ነው የሚጠራው? የሙሽራውን አጎት?»

«ሁሉንም።»

«ሠርጉ እኮ ሐሙስ ነው፣ ኢንጂነር!»

«እሺ፣ ከሠርጉ በኋላ ይሁን።»

«ከሠርጉ በኋላማ ልጄ እነሱ ቤት ናት» አሉ ወይዘሮዋ።

ሲሃም ማልቀስ ጀመረች። «በሬን ቆልፌ ብወርድ ኖሮ! ወላሂ የራሴ ቢሆን ይቅር እል ነበር። የሟች እህቴ ልጆች አደራ ነው። የየቲም ወርቅ እንዴት ይቅር ይባላል?»

ሸሐታ ብድግ አለ። «የራሷን በር ከፍታ የወረደችውስ አትጠየቅም?»

«ደንቡ ስለ ቤት በር አይናገርም» አሉ ረፍዓት፤ ሲናገሩ ቀና ብለው አላዩትም።

«ተቀመጥ ሸሐታ» አሉ እህቱ። «በር ላይ ከአፍህ የወጣው እስካሁን ያደረሰብን ይበቃል።» ከዚያም ብዕር ለመኑና የጠፋውን ወርቅ ሊተኩ ፈረሙ። የማንንም ስም ግን አልሰጡም።

ሠርጉ ያማረ ሆነ። እናትየው ጨፈሩ። ሹሩቅ ምንም አላወቀችም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ደረጃ በደረጃ ላስረዳ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ወይዘሮዋ ጡረታቸው ስለማይበቃ ቤቷን አከራዩ፤ ኪራዩ በቀጥታ ለሲሃም ይገባል። ሲያዩት ቤቷ ራሷ ዕዳውን ከፍላ ወደ ባለቤቷ የምትመለስ ይመስላል። ነገር ግን አደራ የሚመለሰው በዓይነቱ ነው፤ የጠፋው ወርቅ ነውና የሚተካው ወርቅ ነው። ኪራዩ የሚከፈለው ግን በአገራችን ገንዘብ፣ በጊኔ ነው። ጊኔው ሲወርድ ወርቁ ይወደዳል። ተከራዩ በወሩ መጨረሻ ያመጣው ገንዘብ ወርቅ እስኪገዛበት ድረስ እንኳ ያንሳል፤ የቀረው ዕዳ ደግሞ ከወርቁ ጋር እኩል ይወጣል። ተከፍሎ የማያልቅ ብቻ አይደለም፤ እየተከፈለ ይጨምራል። ለኢንጂነር ረፍዓት ይህንኑ ባስረዳቸው፣ «ገብቶኛል፤ ግን ምን ይደረግ?» አሉኝ።

ወይዘሮ ኢንሺራሕ አሁን ያሉት ገጠር፣ በሸሐታ ቤት፣ በቆሎ በሚከመርበት ክፍል ነው። ባለፈው ሄጄ ስጠይቃቸው የወንድማቸው ሚስት ሻይ አምጥታ፣ ወደ እሳቸው ሳትዞር ወጣች።

«ሹሩቅ ትደውላለች?» አልኳቸው።

«ትደውላለች። “እማዬ፣ ቤትሽን ለምን ተውሽው? አማቴ እኮ እናትሽ ከእኛ መራቅ ፈልጋ ነው ትላለች” ትለኛለች።»

«ምን ይሏታል ታዲያ?»

«ምን እላታለሁ? አገሬ ናፍቆኝ ነው እላታለሁ። ለሃያ ዓመት ዞሬ ያላየሁት አገር!» ለመሳቅ ሞከሩ። ከዚያም፣ «ዛሬስ ወርቅ ቀነሰ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ጨምሯል» አልኳቸው።

ራሳቸውን ነቅንቀው በቆሎውን መፈልፈል ቀጠሉ።