ከንፈሯ ስለተንቀሳቀሰ

የተበደለችው የልጅ ልጄ ናት። በእንግሊዝኛ ፈተና ላይ ለጓደኛዋ መልስ ስትነግር ተገኘች ተብላ ወረቀቷን ተነጠቀች፤ ዜሮ ተሰጣት፤ ክፍሉ ሙሉ እየሰማ አጭበርባሪ ተባለች። አላጭበረበረችም። ይህን የምጽፈው፣ ስድቡን የሰማ ሁሉ የሆነውን እስከ መጨረሻው እንዲሰማ ብዬ ነው።

ልጅቱ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። እኔ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ማንበብና መጻፍ ለመድኩ፤ ከዚያ አላለፍኩም። እንግሊዝኛ አላውቅም። ሆኖም እሷ ስታጠና ምስር እየለቀምኩ እሰማታለሁ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯ ላይ አፍጥጣ ተቀመጠች።

«ምኑ ነው የከበደሽ?» አልኳት።

«በዋይ የሚያልቁ የእንግሊዝኛ ቃላት ወደ ብዙ ቁጥር ሲለወጡ ዋይ አንዳንዴ ትቀራለች፣ አንዳንዴ ትወጣለች፣ እማዬ።»

«ማን ነው የሚያስወጣት?»

«ከእሷ በፊት አናባቢ ካለ፣ እንደ ‹ቦይ› ማለት ነው፣ ዋይ ትቀመጣለች፤ ኤስ ብቻ ይጨመራል። አናባቢ ከሌለ፣ እንደ ‹ቤቢ›፣ ዋይ ትወጣና አይ ይተካታል፤ ከዚያ ኢ እና ኤስ ይከተላሉ።»

«ዘመድ ያላት ትቀመጣለች፣ ዘመድ የሌላት ትባረራለች በዪኛ። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው መሬት ሲያካፍል የኖረ መሆን አለበት።»

ሳቀች። ሕጉ ባይጥመኝም መያዝ ነበረባት። እኔ የማውቀው አያያዝ ደግሞ አንድ ነው። በእኛ አገር ልጅ ፊደል የሚቆጥረው እየጮኸ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ አንዱ ፊደል፣ ሌላው ዳዊት፣ ሁሉም በየራሱ ድምፅ ያነባል፤ የኔታ የሚቆጡት ድምፁ የጠፋውን ልጅ ነው፣ ተኝቷል ብለው። ስለዚህ ሕጉን በፊደል መቁጠሪያው ዜማ አስገባነው፦

«አናባቢ ካላት፣ ዋይ ትቀመጥ፣ ኤስ ይከተላት፤
አናባቢ ካጣች፣ ዋይ ትውጣ፣ አይ ይግባ፣ ኢ እና ኤስ ይምጡላት።»

ውሃ ስትቀዳ ትለዋለች፤ እበት ስትጠርግ ትለዋለች። ስሟን እንኳ የማትጽፈው ጎረቤቴ «ዋይ ትውጣ» እያለች ዶሮ ከቤት ታባርር ጀመር።

ፈተናው የተሰጠ ዕለት እያለቀሰች መጣች። ዜማውን ለራሷ በልቧ ስትል ከንፈሯ ተንቀሳቅሷል፤ መምህሩ አይቶ ሹክ ትላለች አለ። ዜሮውን ትችለው ነበር። ያልቻለችው ልጆቹ እስከ ደጃችን ድረስ «አጭበርባሪ» እያሉ መከተላቸውን ነው። ደብተሯን መደቡ ላይ ወርውራ «ከእንግዲህ አልሄድም» አለች። በአንዲት የሐሰት ቃል ትምህርቷን ልትተው ነው።

በማግስቱ ሰው አህያውን እየነዳ ወደ አርብ ገበያ ሲወርድ እኔ ልጅቱን እጇን ይዤ ወደ ትምህርት ቤት ወጣሁ። መምህሩን ከዳይሬክተሩ ጋር በር ላይ አገኘኋቸው። መምህሩ በዕድሜ የመጨረሻ ልጄን አያክልም፤ መምህር ነውና ግን አንቱ አልኩት።

«ለማን ስትነግር ሰሙ?»

«እናቴ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።»

«ከንፈርማ የፍየልም ይንቀሳቀሳል። ቃል ሰሙ ወይ ነው ያልኩዎት።»

ዳይሬክተሩ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። መምህሩ መሬት መሬት አየና «ቃል እንኳ አልሰማሁም» አለ።

«ሳይሰሙ ፈረዱ።»

ዳይሬክተሩ መሐል ገባ። «እናታችን፣ ቢሮ ገብታ ብቻዋን ትፈተንና ማርኳን እናስተካክላለን። ይብቃ።»

«ማርክ ፍለጋ አልመጣሁም። የተሰደበችው ክፍል ውስጥ ነው፤ እዚያው ትፈተን። ቢሮ ውስጥ ቢታረም ውጭ ያሉት ልጆች በምን ያውቃሉ?»

ገባን። እኔ ከኋላ ቆምኩ። መምህሩ አዳዲስ ቃላት ሰሌዳው ላይ ደረደረና ጠመኔውን ሰጣት። በአጠገቧ ማንም የለም። ልጅቱ ግን ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ዳግም እንዳትከሰስ ዝም ብላ ልትሠራ ነው፤ ዝም ስትል ደግሞ ይጠፋታል።

«አፍሽን ክፈቺ» አልኳት።

«እናቴ፣ መንገር ክልክል ነው» አለኝ መምህሩ።

«አፍ መክፈትን እንጂ ምኑን ነገርኳት? እንግሊዝኛ የማውቅ መሰልኩዎት?»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ትንሽ አሰበ፤ ይህን ልመስክርለት። «እሺ፣ ጮክ ብለሽ በይው» አላት።

መጀመሪያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጀመረች። ልጆቹ ዜማውን ሲሰሙ ተንጫጩ፤ እሷ ግን ከያዘች ወዲያ አልተወችም። አንዱን ቃል እያዜመች ታየዋለች፣ ትጽፋለች፣ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ‹ሲቲ› ላይ ዋይን አስወጣች፤ ‹ዶንኪ› ላይ አስቀመጠች። ከኋላ ረድፍ አንዲት ልጅ አብራት ማለት ጀመረች፤ መጨረሻው ቃል ላይ ስትደርስ ትናንት ሲከተሏት የነበሩት ሳይቀሩ ያዜሙ ነበር። እኔ ከተጻፈው አንዱንም ማንበብ አልችልም። መምህሩ በእያንዳንዱ ፊት የራይት ምልክት ሲያደርግ ግን አየሁ። አንዱንም አልዘለለም።

እልል ማለት አማረኝ፤ ዋጥኩት። ጉዳዬ ገና አላለቀም። ከቆምኩበት ሳልነቃነቅ «ታዲያስ፣ መምህር?» አልኩ።

ጠመኔውን አስቀመጠና ወደ ልጆቹ ዞረ።

«ትናንት ሳላጣራ የፈረድኩት እኔ ነኝ። ለማንም አልነገረችም። በዚያ ቃል የሚጠራት ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው።» ቀጥሎ ወደ እሷ ጎንበስ አለ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ከእንግዲህ ፈተና ሲኖር አንድ ዴስክ ለብቻሽ ትይዣለሽ፤ እያዜምሽም ትሠሪያለሽ።»