ከላይ ያለው ማሳ መጨረሻ ሲጠጣ

ልጅ ሳለሁ የከነከነኝ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ምንጩ ከእኛ ማሳ ራስጌ እየፈለቀ ውሃው ለምን መጨረሻ ለእኛ ይደርሳል?

አያቴ የውሃ አባት ነበሩ፤ የመንደራችንን የመስኖ ተራ የሚያዝዙት እሳቸው ናቸው። ተራው ከታች ይጀምራል። ቦዩ ጫፍ ያሉት ያጠጡና ቀስ በቀስ ወደ ላይ ይወጣል። ያኔ በበጋ ምሽት፣ የኩበት ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ኩራዙ የፊታቸውን ግማሽ ብቻ እያሳየን፣ ፍሙን እየቆሰቆሱ ስለ ነብሩ ይተርኩልን ነበር። ነብሩ ምንጭ አጠገብ ይኖራል። አራዊት ሁሉ አብረው ቦይ ይቆፍራሉ፤ እሱ ግን ቀድሞ ይጠጣና ጠግቦ ይተኛል። ታች ቦዩ ሲናድ ማን ይቀስቅሰው? ድኩላና ጥንቸል ብቻቸውን መጠገን ቢያቅታቸው አገር ለቀው ሄዱ። በዓመቱ ደለል ምንጩን ሲደፍነው ነብሩ የሚያግዘው አጣ።

አባቴ ከጥጉ ሆኖ፣ «አባባ፣ ዘንድሮስ የጠማው ነብሩ ነው!» አለ። ሁላችን ሳቅን፤ አያቴ አልሳቁም።

በማግሥቱ ቦዩ ከታች ተናደ። ዶማውን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ የሮጠው አባቴ ነበር፤ የታቾቹ ካልጠጡ ተራው አይደርሰውማ! ያን ቀን የሕጉ ነገር ገባኝ። ተራ እስኪደርሰን ነጭ ሽንኩርታችን ቢጫ ሆኖ ሲጠወልግ ማየቱ ግን አላስቻለኝም፤ ተረቱ አብሮኝ ቢያድግም ዕረፍት አልሰጠኝም።

አሁን አያቴ የሉም፤ ምንጩም ቀጥኗል። እኔ ዘመሮ ከተማ አስተምራለሁ። አባቴ ፓምፕ ገዝቶ ውሃውን ከምንጩ በጎማ ቱቦ ይስባል፤ ቦዩ ጫፉ ላይ ሳይደርስ ይደርቃል። ዛሬ ጠዋት ወደ ቤት ስመጣ፣ ከሁሉ ታች የሚያርሱት ባልቴት እትዬ ወለተ መንገድ ላይ አገኙኝ።

«አንቺ የተማርሽው! አባትሽ ውሃውን በጎማ ሲጨርሰው ለእኔ ጤዛውን ተወልኝ?»

ስለ ውሃ ያላነበብኩት መጽሐፍ የለም፤ ከመንገዱ ዳር የደረቀውን የድንቻቸውን ቅጠል ግን አሁን ገና አየሁት። ድንቻቸው እንደ ቅጠሉ ከደረቀ የሚቀጥለው ዓመት ዘር የላቸውም።

ነገ ከቅዳሴ በኋላ የመንደሩ ሰው ስለ ተራው ይመክራል። በዚያ የታቾቹ እስኪጠጡ ፓምፓችን ይቁም ብዬ እጠይቃለሁ። ድንገት እንዳላዋርደው ለአባቴ አስቀድሜ ነገርኩት። ወጥቶ የፓምፑን ሞተር አስነሣ። ይኸው ድምፁ ይሰማኛል። ነገ እናገራለሁ።