ቅቤ የነካው ደረጃ

አባቴ ዓይናቸው ሲደክም ከደሎ መና ወጥተው ሮቤ ከእኔ ጋር እንዲኖሩ ለመንኳቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ሁለት ዓመት እንቢ ካሉ በኋላ በአንድ ውል ተስማሙ፤ ሰው እጃቸውን ይዞ የሚያወጣቸውና የሚያወርዳቸው ከሆነ በሳምንቱ ይመለሳሉ። ካሉ ደግሞ ያደርጉታል። ግትርነቴን ከማን እንደወረስኩ ግልጽ ነው።

ሮቤ ብርድ ነው፤ ታችኛው ክፍላችን ፀሐይ አያገኝም። ከቆላ ለሚመጣ ሽማግሌ የምትሆነው ላይኛዋ ክፍል ብቻ ነበረች፤ ወደ እሷ የሚወስደው ግን የሚወዛወዝ የባሕር ዛፍ መሰላል ነበር። ስለዚህ ከቢሮ ስወጣ ጓሮ ካለችው የቆርቆሮ ሥራ ቤቴ እየገባሁ ከዋንዛ አሥራ ሁለት እርከንና የእጅ መደገፊያ ሠራሁ።

ማለስለሱ ግን አላልቅ አለኝ። አባቴ ሊመጡ አምስት ቀን ሲቀራቸው ኦቦ የምንላቸው ገበሬ ጎረቤታችን በአጥሩ በኩል አዩኝና ሳቁብኝ። ስንዴ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ደቦ ጠርተህ ነበር አሉ። እኔ አልጠራሁም፤ እሳቸው ጠሩ። በማግስቱ ስምንት ሰው የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ግቢዬን ሞላው፤ እኩለ ቀን ሳይሆን እንጨቱ ሁሉ ለሰለሰ።

ከዚያ የኦቦ ባለቤት ጭኮ ይዘው መጡ። የገብሱ ዱቄት በቅቤ ታሽቶ ያብረቀርቃል። ሁሉም ጠግቦ በላ፤ ቀጥሎም ማንም ሳይነግራቸው እርከኖቹን በፊት ጫፋቸው ይዘው እያነሱ ፀሐይ ላይ ደረደሩልኝ። ማንም እጁን አልታጠበም። እኔም ልብ አላልኩም።

ከሰዓት በኋላ ጥቁር ቡናማውን ቀለም ቀባሁ። መሐሉ ሸጋ ሆኖ ያዘ፤ የእያንዳንዱ እርከን የፊት ጫፍ ግን በቅቤ እጅ የተያዘበት ሁሉ ቀለም ሳይዝ ነጥቶ ቀረ። በቤንዚን ጠረግሁ፣ እንደገና ፋቅሁ፤ ቅቤው ሰርጎ ገብቷል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እጃቸው ቅቤ ሲሆን ምን እንደሚሆን ግን የነገረኝ የለም። ያን ምሽት የኦቦን ሰላምታ እንኳ በግድ ነው የመለስኩት። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ሌላ እንጨት የምፈልግበት ጊዜ ስላልነበረኝ በላዩ ቫርኒሽ ቀብቼ እንዳለ ገጠምኩት።

አባቴ ከአውቶቡስ ወርደው ቤት ሲደርሱ ቀጥታ ደረጃው ሥር ቆሙ። ክንዳቸውን ልይዝ ስል ነጠቅ አደረጉት። አንገታቸውን ደፍተው ቁልቁል ሲያዩ ቆዩ። እኔ ሻንጣውን እንደያዝኩ ውሉ ዛሬውኑ ፈረሰ እያልኩ ነበር።

"ጫፍ ጫፉን ያነጣኸው አስበህ ነው?" አሉኝ።

መዋሸት አማረኝ፤ አልቻልኩም።

"እኔ አይደለሁም፤ ጎረቤቶች ናቸው" አልኳቸው።

መደገፊያውን ያዙና እግራቸውን የመጀመሪያው ንጣት ላይ አሳረፉ። ከዚያ ሁለተኛው ላይ። አንድም ጊዜ በእግራቸው ሳይዳብሱ አሥራ ሁለቱንም ወጡ። ስምንቱንም ጎረቤቶቼን በየስማቸው እየጠራሁ በልቤ መረቅኋቸው፤ የኦቦን ባለቤት ደግሞ ሁለት ጊዜ።

አባቴ ከላይ ጠሩኝ።

"ደሎ መና የቀረውን ሳጥኔን አስመጣልኝ" አሉ። "የእናትህንም ፎቶ ከግድግዳው ያውርዱልኝ።"