ፋውስቲኖ የረሳው በር

ኦርቴንሲያ በር ስትሠራ መጀመሪያ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ አንስታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና በጠርዛቸው ላይ አሻግራ ታያለች። ጠማማውን ለዶሮ ቤት ትለየዋለች። የቀሩትን በመላጊያ ትልግና አጋጥማ ወደ ፀሐይ ታነሳቸዋለች፤ በመሀላቸው ብርሃን ካለፈ እንደገና ትልጋለች። ከዚያ ከኋላ ሁለት አግዳሚ፣ በሁለቱ መሀል አንድ ሰያፍ። ሰያፉ ከታች ከማጠፊያው በኩል ተነስቶ ሽቅብ መውጣት አለበት፤ ተገልብጦ የተመታ እንደሆነ በሩ ዓመት ሳይሞላው ይወርድና መሬት ይቧጥጣል። ምስማሩን ከመምታቷ በፊት ሹል ጫፉን በመዶሻ ታደነዝዘዋለች፣ እንጨቱን እንዳይሰነጥቀው። ማጠፊያው ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቆረጠ ነው። ጎማው እንዳይቀደድ ከእያንዳንዱ ምስማር ራስ ሥር የቢራ ቆርኪ ታስገባለች። ቆርኪ ችግር የለባትም፤ የሰፈሩ ወንዶች ተግተው ያመርቱላታል።

የመጨረሻውን ምስማር ግን እሷ አትመታም። በሩን ያዘዘችውን ሴት ጠርታ መዶሻውን ታስጨብጣታለች። ሴትየዋ ጣቷን ብትመታም ግድ የለም። በሩ የማን እንደሆነ ለመመስከር አንድ ያበጠ ጣት ከሦስት ሽማግሌ ይበልጣል።

ይህ ነገር በመንደሯ በናራሪ ትልቅ ብልግና ነው። በናራሪ መሬቱ የእናት ነው፣ ቤቱ የሴቷ ነው፣ ወንዱ ይዞ የሚመጣው በር ብቻ ነው። በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ተሸክሞ መጥቶ፣ የሚስቱ ቤት ላይ ይገጥመዋል፤ በዚያን ቀን ባል ሆነ። ሲጣላ ወይም ሲባረር ነቅሎ በራሱ ላይ አድርጎ ይሄዳል፤ በዚያን ቀን ባልነቱ አለቀ። ስለዚህ ባልና ሚስት ሲጣሉ ጎረቤት ጆሮውን የሚያቆመው ለጩኸቱ አይደለም፣ ለምስማር መንቀያው ነው።

የኦርቴንሲያ ባል ፋውስቲኖ አናጢ ነበር። እጁ ወርቅ፣ እግሩ ነፋስ። ያመጣው በር በአካባቢው ተወዳዳሪ ያልነበረው ነው፤ ሴቶች ውኃ ሊቀዱ ሲያልፉ ቆም ብለው ከፍተው ይዘጉት ነበር። ተጋብተው ብዙም ሳይቆዩ ምስማር ሊገዛ ገበያ እንደወጣ ወታደሮች አፍሰው ከሌሎች ጎረምሶች ጋር መኪና ላይ ጫኑት። ወሬው ናራሪ ሲደርስ እናቷ አለቀሰች። ኦርቴንሲያ ግን ሄዳ በሩን ነካችው። አለ። አልተነቀለም። እንግዲያው አልሄደም።

ችግሩ አታታ ሙዋቱካ ነበር፣ የእናቷ ወንድም፤ አታታ ማለት አጎት ነው። በናራሪ የሴት ልጅ ጉዳይ በእናት ወንድም እጅ ነው፤ የሙዋቱካ እጅ ደግሞ ከባለ ወፍጮው ከሲልቬስትሬ የመጠጥ ማሰሮ አይለይም ነበር። ሲልቬስትሬ ሚስት ይፈልጋል። ሙዋቱካ በየሳምንቱ እየመጣ ያባብላታል፤ እሷም በየሳምንቱ አንድ መልስ ትሰጠዋለች።

«በሩ አለ፣ አታታ። በሩ ካለ ባሉ አለ።»

«በር አያስረግዝም፣ ልጄ።»

«አይሰክርምም።»

በሩ ቢጠፋ ግን ክርክሩ ያልቅ ነበር። በር የሌላት ሴት ባል የሌላት ሴት ናት፤ ሙዋቱካም በማግስቱ ለወፍጮው ያስረክባት ነበር። በዚያ ላይ ኦርቴንሲያ ባሏ ጦር ሜዳ እያለ የከዳች መባልን እንደ እባብ ትፈራለች።

ጫካ የገቡት ታጣቂዎች ናራሪን ሊያቃጥሉ የመጡ ቀን ሰው ሁሉ ያገኘውን አንስቶ ሮጠ። አንዱ ዶሮ፣ አንዱ አማቱን፣ እናቷ ሙቀጫውን ትታ ዘነዘናውን ብቻ። ኦርቴንሲያ ቆማ በር ትነቅል ነበር። ጭሱ ሦስተኛው ቤት ላይ ሲደርስ የመጨረሻው ምስማር ለቀቀላት፤ በሩን በራሷ ላይ አድርጋ ከሁሉም ኋላ ጫካ ገባች። እናቷ ማሰሮውን ስላላመጣች ለዓመታት ወቀሰቻት።

ጫካ ውስጥ ግን በሩ ከማሰሮው የበለጠ ሠራ። ዝናብ ሲመጣ ጣሪያ፣ መሬቱ ሲረጥብ አልጋ፣ ፀሐይ ሲወጣ የካሳቫ ማስጫ ሆነ። አንዲት ሴት ምጥ ሲጠናባት በእሱ ላይ ተኝታ ወንዝ ተሻገረች። ራሱ ሙዋቱካ በወባ ሲቃጠል አራት ሰው በዚያው በር ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሰው። የተሸከመውን በር መስደብ አፍሮ የሲልቬስትሬን ስም ለጥቂት ጊዜ አላነሳም። ትኩሳቱ ሲለቀው የሲልቬስትሬም ስም ተመለሰ።

ሰላም ሆኖ ሰው ወደ ናራሪ ተመልሶ ቤቱን ሲቀልስ አንዲት የደረቅ ዓሣ ነጋዴ ስለ ፋውስቲኖ ወሬ ይዛ መጣች። ከመንግሥት ጦር ኮብልሏል፤ የጫካዎቹ ይዘውት ከእነሱም ኮብልሏል። ኦርቴንሲያ እልል አለች። ሌሎች በጫሩት ጠብ መሞት የሰነፍ ሥራ ነው፣ የእኔ ባል ሰነፍ አይደለም አለች። ነጋዴዋ ወሬዋን አልጨረሰችም ነበር። ፋውስቲኖ ከሊጎኛ ወንዝ ማዶ፣ ናራሪ ሳትቃጠል ጀምሮ፣ ሉርዴስ ከምትባል ሴት ጋር ይኖራል። ነጋዴዋ የሉርዴስንም በር አይታለች፤ ጥሩ በር ነው አለች።

ኦርቴንሲያ እልልታዋን ዋጠች። ከዚያ ጨርቅ ጠቅልላ አናቷ ላይ አደረገች፣ በሩን ጫነችበት፣ ሄደች። ሙዋቱካ መንገደኛ ይስቅብሻል ሲላት ይሳቅ፣ ከባድ ነገር የተሸከምኩት እኔ ነኝ አለችው።

ፋውስቲኖ ግቢው ውስጥ እንጨት ሲልግ ነበር። መጀመሪያ ያየው ሴትዮዋን ሳይሆን በሩን ነው፤ የገዛ ሥራው በሁለት እግሩ እየተራመደ ሲመጣ። መላጊያውን ጣለ።

«ኦርቴንሲያ፣ ሞታለች ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ማን ነው ያለህ?»

ጦርነቱን አነሳ፣ መንገዱን አነሳ፣ ፈንጂውን አነሳ።

«ከሁለት ጦር ሮጠህ አምልጠሃል፣ ጎበዝ» አለችው። «ወደ እኔ ለመሮጥ ነው እግር ያጠረህ?»

«እኔ እኮ አልተውኩሽም» አለ ፋውስቲኖ፣ ፈጽሞ ሳያፍር። «ደንቡን ታውቂያለሽ። በሬን አልወሰድኩም።»

ኦርቴንሲያ ጎንበስ ብላ በሩን እግሩ ሥር አወረደች።

«ረስተኸው ነው። ይኸው አመጣሁልህ።»

ሉርዴስ ጭልፋ እንደያዘች ወጥታ መሬት ላይ ያለውን በር አየች። ከዚያ ዞራ የራሷን በር አየች። ገብታ ገንፎ በሰሃን አመጣችላት፤ ለፋውስቲኖ አላመጣችም።

ኦርቴንሲያ ባዶ ራሷን ተመለሰች። አንገቷ ግን ለብዙ ቀን ያልተሸከመውን ሲሸከም ከረመ።

ናራሪ ስትደርስ ሙዋቱካ ደስ ብሎት ጠበቃት፤ አሁን እንግዲህ በርም የለም፣ ሰበብም የለም። ኦርቴንሲያ ከመሸሻቸው በፊት የቀበረችውን የፋውስቲኖን መላጊያና መጋዝ ቆፍራ አወጣች። ያን በር ስታወርድና ስታነሳ እያንዳንዱን ምስማር አውቃው ነበር፤ ሰያፉን ብቻ ገልብጣ መታችው። አስቀያሚ በር ሆነ፤ ሲከፈት እንደ አሳማ ይጮኻል። ገጠመችው።

ሙዋቱካ መጥቶ ቆመ። «የማን በር ነው?»

«የእኔ።»

«ባሉስ?»

«እኔው።»

ሲልቬስትሬ ይህን አልሰማም ኖሮ በማግስቱ አዲስ በር ተሸክሞ፣ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። የበሩ ቦታ ተይዟል። በር ተሸክሞ መጥቶ በር ተሸክሞ የተመለሰ ወንድ በናራሪ ታይቶ አያውቅም፤ ወፍጮ ቤት የሄደች ሴት ሁሉ ለረጅም ጊዜ እየሳቀች ታስፈጭ ነበር። ሙዋቱካም ከደንቡ ውስጥ ሴት በር አትሥራ የሚል ቢፈልግ አጣ፤ ቀድሞ ያሰበበት ሰው አልነበረም።

ቀጥሎ ዝናብ ሲመጣ ሉርዴስ ከች አለች። ፋውስቲኖ ሄዷል። የተሻለውን መርጦ የኦርቴንሲያን በር በራሱ ላይ አድርጎ፣ የሉርዴስን እንደተገጠመ ትቶ። የሉርዴስ አጎቶች በሩ ስላልተነቀለ አሁንም ባለ ባል ነሽ ይሏታል።

«በሩስ?» አለች ኦርቴንሲያ።

«ፈልጬ ባቄላ ቀቀልኩበት። ሌላ ሥሪልኝ።»

የመጀመሪያዋ ደንበኛ እሷ ናት። ሰያፉን ያቃናችላትም እሷ ናት፤ ፋውስቲኖ ሲሠራ አይታ ነበር። ጦርነቱ ብዙ ቤት ያለ በር አስቀርቷልና ከዚያ ወዲህ ሥራ አላነሳትም።

ኦርቴንሲያ ዛሬ ጥርሷ ረግፏል፣ መዶሻዋ ግን አይስትም። ይህን የምታነቡ ሰዎች መንገዳችሁ በዚያ በኩል ከሆነ አንድ ነገር አደራ ትላችኋለች።

«በራሱ ላይ በር ተሸክሞ የሚሄድ ሽማግሌ ብታዩ፣ ከእኔ ሰላም አትበሉት። ናፈቀችህም አትበሉት፣ ውሸት ነው። በሩን ግን አስወርዳችሁ እዩልኝ። ሦስተኛው ሳንቃ ላይ ከታች በኩል ስንጥቅ አለበት፤ ወንዝ ስሻገር ከድንጋይ ጋር ያጋጨሁት ነው። ውኃ ከገባበት ይሰፋል። ዘይት ቀባው በሉት።»